«ኮንስያንስ» እና ኅሊና፦ በእንግሊዝኛ በኩል ስንተረጉም ስለምናጣው ፍች

በማኅበረሰብ ጥናት የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተከታተለ ሰው ኤሚል ዱርካይም በ1893 ያሳተመውን «ስለ ማኅበራዊ የሥራ ክፍፍል» የተሰኘ መጽሐፍ ቢያንስ በስም ያውቀዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጽንሰ ሐሳቦች በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ደራሲው በፈረንሳይኛ «ኮንስያንስ ኮሌክቲቭ» ያለው ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሁለት የታወቁ ትርጉሞች አሉት። ጆርጅ ሲምፕሰን በ1933 ባወጣው ትርጉም ይህን ቃል «ኮንሸንስ» ሲለው፣ ደብልዩ. ዲ. ሆልስ በ1984 ባወጣው ትርጉም «ኮንሸስነስ» ብሎታል። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ቃል ክፉና ደጉን የሚለይ፣ የሚወቅስና የሚፈርድ የውስጥ ዳኛ ነው። ሁለተኛው ንቁ መሆን፣ ማወቅ፣ በራስ ውስጥ የሚሆነውን ማስተዋል ነው።

እኛ ዘንድ ዱርካይም የሚነበበው በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የሲምፕሰንን ትርጉም ያነበበ ተማሪ በአማርኛ «የጋራ ኅሊና» ብሎ ይጽፋል፤ የሆልስን ያነበበ ደግሞ «የጋራ ንቃተ ኅሊና» ይላል። ሁለቱንም ያገላበጠ ሰው ደራሲው ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች እንዳሉት ሊገምት ይችላል። ደራሲው ግን የጻፈው አንድ ቃል ነው። ሁለት ያደረጉት ተርጓሚዎቹ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ያደረጉት ወድደው አይደለም፤ ቋንቋቸው ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ ስላስገደዳቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ብዙ ፍች ያለው ቃል በሌላ ቋንቋ በኩል አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ፣ አብሮት መካከለኛው ቋንቋ የሰጠው ፍርድም ይመጣል። ይህን ፍርድ እንደ ደራሲው ሐሳብ አድርገን ከተቀበልነው ጥናታችን ከመነሻው ይዛባል። በዱርካይም ጉዳይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የሚያስቆጨው፣ አማርኛ ለፈረንሳይኛው ቃል ከእንግሊዝኛ ይልቅ የቀረበ ቃል እያለው በእንግሊዝኛው ምርጫ መታሰሩ ነው።

አንድ አባት፣ ብዙ ልጆች

የፈረንሳይኛው «ኮንስያንስ» የመጣው ከላቲኑ «ኮንስኪዬንቲያ» ነው። ቃሉ ሲፈታ «ከሌላ ጋር አብሮ ማወቅ» ማለት ነው፤ አንድን ምስጢር የተጋራ ሰው፣ ለአንድ ድርጊት ምስክር መሆን የሚችል ሰው ያለውን ዕውቀት ይገልጻል። ሰው ለገዛ ሥራው ራሱ ምስክር ሲሆን የወቀሳና የፍርድ ፍች ይወለዳል። በአዲስ ኪዳን በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክታት ውስጥ የሚገኘው የግሪክ ቃል «ሲኔይዴሲስ»ም በአሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ እርሱም «አብሮ» እና «ማወቅ» ከሚሉት የተገነባ ነው። ማወቅና መመስከር፣ መመስከርና መፍረድ በዚህ ቃል ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ተዛምደው ይኖራሉ።

የአውሮፓ ቋንቋዎች ይህን ውርስ የተካፈሉት በተለያየ መንገድ ነው። ጣሊያንኛና ፖርቱጋልኛ እንደ ፈረንሳይኛ ሁለቱን ፍቾች በአንድ ቃል ይዘው ቀርተዋል። ስፓንኛ አንዱን ቃል ለሁለቱም ቢጠቀምበትም፣ በአንዲት ፊደል የሚለይ ሁለተኛ ቅርጽ ለማወቅ ፍች ያውላል። ጀርመንኛ በመካከለኛው ዘመን የላቲኑን ቃል አካል በአካል ገልብጦ «ጌቪሰን» የሚለውን የወቀሳ ቃል ሠራ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ክርስቲያን ቮልፍ ለማወቅ ፍች ዛሬ «ቤቩስትዛይን» የምንለውን ቃል ወደ ፍልስፍና አስገባ። ሩስያኛ «ሶቬስት» እና «ሶዝናኒዬ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት፤ የሚደንቀው ሁለቱም «አብሮ ማወቅ» በሚል አሠራር የተገነቡ መሆናቸው ነው። እንግሊዝኛ በ17ኛው መቶ ዓመት ራልፍ ከድወርዝና ጆን ሎክን በመሳሰሉ ፈላስፎች እጅ «ኮንሸስነስ»ን ከ«ኮንሸንስ» ለይቶ የፍልስፍና ቃል አደረገው።

ስለዚህ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ጀርመንኛ ወይም ወደ ሩስያኛ የሚተረጉም ሰው በየገጹ ምርጫ ይጠብቀዋል። ወደ ጣሊያንኛ የሚተረጉም ይህ ጭንቀት የለበትም። በተቃራኒው ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚሄድ ሰው ደራሲው የለየውን መልሶ እንዳይደባልቅ ይቸገራል።

የፒየር ኮስት ሰረዝ

ይህ ችግር ተርጓሚዎችን ማስጨነቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዴካርት በ1644 በላቲን ባሳተመው «የፍልስፍና መርሖች» ማሰብ ምን እንደሆነ ሲበይን ከ«ኮንስኪዬንቲያ» ጋር የሚዛመድ ቃል ተጠቀመ፤ እያወቅነው በውስጣችን የሚሆነው ሁሉ ማሰብ ነው ለማለት። በ1647 የወጣው የአባ ፒኮ የፈረንሳይኛ ትርጉም ግን «ኮንስያንስ»ን አልደፈረም፤ በራሳችን በቀጥታ የምንገነዘበው የሚል ሐረግ ተክቶ አለፈ። ትርጉሙ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን አንባቢው እዚያ ቦታ ላይ አንድ ቃል እንደተዘለለ የሚያውቅበት ምልክት የለም።

ፒየር ኮስት የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ኮስት ከፈረንሳይ የተሰደደ ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ሎክ በመጨረሻ ዘመኑ በተቀመጠበት ቤት የልጆች አስተማሪ ሆኖ ይኖር ነበር። የሎክን ስለ ሰው ማስተዋል የሚናገር ታላቅ ድርሰት ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰውም ደራሲውን ራሱን እየጠየቀ ነው፤ ትርጉሙ በ1700 በአምስተርዳም ታተመ። ሎክ በ1694ቱ ሁለተኛ እትም ላይ በጨመረው ምዕራፍ ትናንት የነበረው ሰውና ዛሬ ያለው ሰው አንድ የሚሆኑት በ«ኮንሸስነስ» ነው ብሎ ይከራከራል። ኮስት እዚህ ሲደርስ ፈረንሳይኛ ለዚህ የሚበቃ ቃል እንደሌለው ተረዳ። «ስሜት» የሚለውንም «ጽኑ እምነት» የሚለውንም መዘናቸው፤ አላረኩትም። በመጨረሻ «ኮንስያንስ»ን ወስዶ በመካከሉ ሰረዝ አስገባበትና «ኮን-ስያንስ» ብሎ ጻፈው። በግርጌ ማስታወሻውም ለምን ይህን እንዳደረገ፣ የላቲኑን ምንጭ እየጠቀሰ፣ ለአንባቢው በዝርዝር አስረዳ።

ያቺ ሰረዝ በዓይን ሲያዩዋት ትንሽ ናት፤ የሠራችው ሥራ ግን ትልቅ ነው። ለአንባቢው «ይህ የምታውቀው ቃል ነው፤ ግን በምታውቀው ፍች አትውሰደው» ትለዋለች። ላይብኒዝ ለሎክ በፈረንሳይኛ መልስ ሲጽፍ ከዚሁ ቃል አዲስ ስም ሊያበጅ ሞክሮ ነበር። ያበጀው ቃል በቋንቋው አልሰረጸም፤ ኮስት የተዋሰው አሮጌ ቃል ግን ውሎ አድሮ የፍልስፍናውን ፍች ተሸክሞ ቀረ። በ1889 አንሪ ቤርግሶን ስለ «ኮንስያንስ» ቀጥተኛ ግኝቶች የሚል መጽሐፍ ሲያሳትም ሰረዝ አላስፈለገውም። የዚያ መጽሐፍ እጣ ግን ሌላ ትምህርት አለው፦ በ1910 በእንግሊዝኛ ሲወጣ የሽፋኑ ርእስ «ጊዜና ነፃ ፈቃድ» ሆነ፤ ቃሉ ከዋናው ርእስ ላይ ጨርሶ ጠፋ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ተርጓሚ እናያለን። አንዱ ችግሩን አልፎት ይሄዳል፤ ሌላው ችግሩ የት እንዳለ ያሳያል። በምርምር ሥራ የሚያስፈልገን ሁለተኛው ነው።

ኅሊናውን የሳተና ኅሊናውን የሸጠ

አሁን ወደ ራሳችን ቃል እንመለስ። ኅሊና «ኀለየ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ግሱ «አሰበ» ማለት ነው። በዛሬው አማርኛ በብዛት የሚሰማው በወቀሳና በፍርድ ፍቹ ነው፦ «ኅሊናው ወቀሰው»፣ «ኅሊና ቢስ»፣ «የኅሊና እስረኛ» እንላለን። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው እንደሆነ ሲደነግግ የሚናገረው ስለዚሁ የውስጥ ዳኛ ነው።

ይሁን እንጂ «ኅሊናውን ስቶ ወደቀ» ስንልም የምንጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ኅሊናውን የሸጠ ሰው ዳኛውን አጥቷል፤ ኅሊናውን የሳተ ሰው ማወቁን አጥቷል። ይህን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይለየዋል። «በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት» ስንል ደግሞ ሦስተኛ ፍች እንጨምራለን፦ ነገርን በሐሳብ የሚሥል ውስጣዊ ዓይን። ስለዚህ ኅሊና እንደ ፈረንሳይኛው ቃል ማወቅንና መፍረድን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያኖር ቃል ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዮች አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገነዘቡ «ኮንስያንስ ያዙ» ይላሉ፤ እኛ በዚያ ቦታ «ልብ አልኩ» ወይም «ተገነዘብኩ» እንጂ ኅሊናን አንጠራም። ቅርበት እንጂ እኩልነት የለም፤ ቅርበቱ ግን ችላ የሚባል አይደለም።

«ንቃተ ኅሊና» የሚለው ጥምር ቃል የኋላ ሥራ ነው፤ በ1970ዎቹ የፖለቲካ ንባብና ክርክር ውስጥ «የመደብ ንቃተ ኅሊና» በሚለው አገላለጽ በሰፊው ተናኝቷል። የዚህ አገላለጽ የሩቅ ምንጭ በጀርመንኛ የተጻፈው የማርክሳውያን ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ጌዎርግ ሉካች በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ የምናገኘው ቃል «ቤቩስትዛይን» ሲሆን፣ እርሱም ወቃሹን «ጌቪሰን» ከደጅ ያስቀረ ቃል ነው። አማርኛው ግን «ኅሊና»ን በማስገባቱ ጀርመንኛው ያስቀረውን ዳኛ መልሶ አስገባው። «ንቃተ ኅሊና የሌለው» መባል በእኛ ጆሮ አለማወቅ ብቻ ሳይሆን ነውርም ሆኖ የሚሰማው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ትርጉም በቋንቋ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰው በሰው ላይ በሚሰጠው ፍርድም ላይ አሻራውን ይተዋል።

ቀብር የቀረ የዕድር አባል

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል በጥናት መስክ የሚያስከትለውን ልዩነት በምሳሌ እንይ። ዱርካይም «ኮንስያንስ ኮሌክቲቭ» የሚለው በአንድ ኅብረተሰብ አማካይ አባላት ዘንድ የጋራ የሆኑትን እምነቶችና ስሜቶች ድምር ነው። አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ይህን የጋራ ነገር ስለሚያቆስል ነው እንጂ፣ ወንጀል ስለሆነ አይደለም የሚያቆስለው ይላል። እዚህ ላይ «የጋራ ግንዛቤ» ወይም «የጋራ ንቃት» ብለን ብንተካ ክርክሩ ይላላል፤ ግንዛቤ አይቆስልም፣ አይቆጣም፣ ቅጣትም አይጠይቅም። በሌላ በኩል «የጋራ ወቃሽ» ብቻ ብንለው እምነቶቹንና የዓለም አተያዩን እናጣለን። «የጋራ ኅሊና» ግን ሁለቱንም ሊሸከም ይችላል።

አንዲት ተመራማሪ ይህን ጽንሰ ሐሳብ ይዛ ዕድርን ልታጠና ተነሣች እንበል። የሆልስን ትርጉም አንብባ ጽንሰ ሐሳቡን እንደ ንቃት ከወሰደችው፣ የመጠይቋ ጥያቄዎች ወደ ዕውቀት ያዘነብላሉ፦ የዕድሩን ደንብ ያውቃሉ ወይ? የወር መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ ቀብር የቀረ አባል ምን ያህል እንደሚቀጣ ያውቃሉ ወይ? የሲምፕሰንን አንብባ ጽንሰ ሐሳቡን እንደ ውስጥ ዳኛ ከወሰደችው ደግሞ ወደ ወቀሳ ታዘነብላለች፦ ቀብር ቢቀሩ ምን ይሰማዎታል? ቅጣቱን ከከፈሉ በኋላስ ነገሩ አበቃ ብለው ያስባሉ? ሁለቱ መጠይቆች ከአንድ ሠፈር፣ ከአንድ ዕድር፣ ከአንድ አባል የተለያየ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ። ደንቡን በቃሉ የሚያውቅ ግን ቅጣቱን ከፍሎ በሰላም የሚተኛ ሰው አለ፤ ደንቡን አንብቦ የማያውቅ ግን ሐዘንተኛ ጎረቤቱን ዓይን ለዓይን ማየት የሚያፍር ሰው አለ። ዱርካይም ሊያገናኘው የፈለገው እነዚህን ሁለቱን ነበር።

በዚህ መሐል በተለምዶ የምንተማመንበት የመልሶ ትርጉም ስልት አያድነንም። ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ከታወቀ ወዲህ ይህ ስልት ለመጠይቅ ትርጉም መለኪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ጠቃሚነቱንም አልክድም። ነገር ግን የሚያወዳድረው አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር ነው። «የጋራ ንቃተ ኅሊና» ተመልሶ «ኮሌክቲቭ ኮንሸስነስ» ሲሆን ፈተናው አለፈ ይባላል። የጠፋው ፍች ግን የጠፋው ቀደም ሲል፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ በተደረገው ጉዞ ነው። ያልመጣን ዕቃ መልሶ በመቁጠር አናገኘውም።

ስለ ቃላት ወጥነት የሚነሣ ተቃውሞ

ለዚህ አቋም የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ወጥ ስያሜ ይፈልጋል የሚለው ነው። አንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ ይኑረው፤ አሻሚ ቃል ለባለ ቅኔ እንጂ ለተመራማሪ አይበጅም ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሐኪም የበሽተኛን ሁኔታ ሲመዘግብ «ንቃት» እንዲልና ከወቀሳው ኅሊና ጋር እንዳያደባልቀው እንፈልጋለን። ቮልፍም ለጀርመንኛ የለየለት ቃል በመስጠቱ ቋንቋውን ጠቅሟል።

ነገር ግን ወጥነት የሚያገለግለው ደራሲው ራሱ የለየውን ለይቶ ለማቅረብ ነው። ደራሲው ያላየውን ድንበር ማስመር ወጥነት ሳይሆን ጭማሪ ነው። ስለዚህ ደንቡ ከምንጩ ይጀምር፦ ምንጩ ጀርመንኛ ወይም እንግሊዝኛ ሆኖ ሁለት ቃል ካለው፣ እኛም «ኅሊና» እና «ንቃት» ወይም «ራስን ማወቅ» ብለን እንለይ። ምንጩ ፈረንሳይኛ ወይም ጣሊያንኛ ሆኖ አንድ ቃል ከሆነ ደግሞ «ኅሊና»ን እንያዝና በየቦታው የትኛው ፍች እንደሚያይል በማስታወሻ እናመልክት። የውጭውን ቃል በፊደላችን ጽፎ ማለፍ ሌላው አማራጭ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አንዳንድ ምሁራንም የዱርካይምን ቃል በፈረንሳይኛው ይተዉታል። እኔ ግን ይህን የመጨረሻ መጠጊያ እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም፤ የሚሠራ ቃል እያለን መዋስ የማሰብ ድካምን ለአንባቢው ማሸጋገር ነውና።

ምን እናድርግ?

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻቸው ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የጥናቱ ምሰሶ የሆነው ቃል በመጀመሪያ የተጻፈበት ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ይጣራ። ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ መቻል ግዴታ አይደለም፤ አንዱን ቃል በዋናው እትም ውስጥ ፈልጎ ሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉሞችን ጎን ለጎን ማየት ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ በየጥናቱ መጨረሻ ላይ መጠይቁን እንደምናያይዝ ሁሉ፣ ዋና ዋናዎቹ ቃላት በአማርኛ ምን እንደተባሉ፣ ምን ሌላ ቃል ታስቦ እንደተተወና ለምን እንደተተወ የሚያሳይ አጭር ሠንጠረዥ ይያያዝ። ሦስተኛ፣ ፈታኞች በመከላከያው ዕለት ስለ ናሙና አመራረጥ የሚያነሡትን ያህል ስለ ቃል አመራረጥም ይጠይቁ። ናሙናው እንከን የለሽ ሆኖ ጥያቄው ሌላ ነገር የሚለካ ከሆነ ቁጥሮቹ አያድኑንም።

ኮስት በጊዜው የነበረው መሣሪያ አንዲት ሰረዝና አንድ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነበር። ከደራሲው ጋር በአንድ ቤት እያደረ እንኳ ቃሉን በጸጥታ ማለፍ አልፈለገም። እኛ ከደራሲዎቹ በብዙ ዘመንና በብዙ ቋንቋ ርቀን እንጽፋለን፤ አንዳንዴም ያን ርቀት የማናየው መሐል ያለው እንግሊዝኛ ስለሸፈነው ነው። የተርጓሚ ኅሊና የሚባል ነገር ካለ፣ በሁለቱም ፍቹ፣ የሚጀምረው ይህን ርቀት ከማወቅና ለአንባቢ ከመመስከር ነው።